የሚያዘገይ ውሃ

ኮቱ ልጄ፣ ነይ ጠጋ በይ፤ ሐምሌ ነው፣ ብርዱ አጥንት ይገባል። ልጅ ሳለሁ፣ አሰበ ተፈሪ ላይ፣ ዝናቡ እንዲህ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እናቴ ማንደጃውን መሃል ታስቀምጥና ከወንድሜ ከሙሜ ጋር ጫት እናስር ነበር፤ ለንጋቱ መኪና መድረስ ስላለበት እጃችን አያርፍም፣ ጆሯችን ግን ነጻ ነው። ያኔ የጓሮውን ክፍል የተከራየው ጋሽ ታደሰ፣ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የሙሜ አስተማሪ፣ ፋኖሱ ሥር ተቀምጦ ተረት ያወራልን ነበር፤ የሱ ተረት ግን ጅብና ቀበሮ አልነበረበትም።

አንድ ምሽት ከድንጋይ ስለሚወጣ እሳት ነገረን። ዩራኒየም የሚባል ድንጋይ አለ አለን፤ በውስጡ ያለው ደቃቅ ፍሬ ሲሰነጠቅ ሙቀት ይሰጣል፣ ኒውትሮን የምትባል በዓይን የማትታይ ደቃቅ ነገርም ከውስጡ ትፈናጠራለች፤ እሷ ደግሞ ሌላውን ፍሬ ትሰነጥቃለች፣ እሳቱም እንዲያ እየተቀባበለ ይቀጥላል። «ችግሩ፣ በጣም ስለምትሮጥ አብዛኛውን ጊዜ ሳትያዝ ታልፋለች።»

«ስትሮጥ አይደል እንዴ የምትሰብረው?» አለ ሙሜ።

«የለም፣ ስትዘገይ ነው የምትያዘው፤ ፍሬውን የምትሰነጥቀውም ስትያዝ ነው» አለ ጋሽ ታደሰ። ከሙሜ ኪስ ብይ አወጣና ጥግ ወዳለው የእናቴ ወፍጮ ድንጋይ አንከባለለው፤ በዚያው ፍጥነቱ ነጥሮ ተመለሰ። ከሌላ ብይ ጋር ሲያጋጨው ግን ቀጥ አለ፣ ሩጫውን ለአቻው ሰጠ። ለዚህ ነው ድንጋዩን ውሃ ውስጥ የሚያኖሩት አለን፤ ውሃ ውስጥ ክብደቱ ከኒውትሮኗ ጋር እኩል የሚባል ነገር አለ፤ እሱን እየተጋጨች ቶሎ ትዘገያለች። የእርሳስ ልብ የሚሠራበት ግራፋይትም ያዘገያታል፣ ግን ከበድ ስለሚል ብዙ መጋጨት ይፈልጋል።

«ውሃው ራሱ ቢውጣትስ?» አልኩ።

ብዩን ለሙሜ መለሰና ወደ እኔ ቀና አለ። «ይውጣል፣ ጥቂቱን ይውጣል። አንዳንዶች ከባድ ውሃ የሚባለውን የሚመርጡት ለዚህ ነው፤ እሱ ያዘገያል እንጂ እምብዛም አይውጥም።» ከዚያ በሩ አጠገብ ተቀምጦ ጫት ወደሚቅመው አባቴ ዞረ። «አባ ሙሜ፣ እርስዎ ይፍቀዱ እንጂ ይህችን ልጅ እኔ ራሴ ትምህርት ቤት አስገባታለሁ።»

ጠዋት ጠዋት ሙሜ ትምህርት ቤት ሲሄድ በአጥሩ ሽንቁር የምሸኘው እኔ፣ ወላሂ፣ እጄ ላይ የነበረው የጫት እስር ሳላውቀው ተበተነ።

አባቴ ጫቱን በጉንጩ እንደያዘ ሳቀ። «አቦ አስተማሪ! ስትዘገይ ነው የምትያዘው ያልከው አንተው አይደለህ? እሷም ትንሽ ትርጋ።»

ሁሉም ሳቀ፣ እናቴ ጭምር። ጋሽ ታደሰ ቀስ ብሎ «ማዘግየትና መዋጥ ይለያያሉ» አለ፤ የሰማው ግን አልነበረም፣ ከእኔ በቀር።

በበጋው ረጋሁ። መቻራ ላለ ቡና ነጋዴ ዳሩኝ። ከዚያ ሁሉ ተረት የቀረኝ እሳቱ እንዳይመስልሽ፤ የቀረኝ ያ ሳቅ ነው፣ ዛሬም ይፈጀኛል።

ጋሽ ታደሰ ወደ ሌላ አገር ተዛወረ፣ ወሬውንም አልሰማሁ። ሙሜ ትምህርቱን ጥሎ የጫት መኪና ረዳት ሆነ፣ ኋላ ቦርደዴ ሱቅ ከፈተ። አባቴ ሞተ፣ አላህ ይማረው፤ እናቴም ተከተለችው። እኔ ባሌ ከሰው የሚገዛውን ቡና ስለቅም አረጀሁ፤ እስከ ዛሬ በአውራ ጣቴ ነው የምፈርመው።