ዝም ያለው እንግሊዛዊ እና የአርጆው ምንጭ

ነቀምቴ፣ ከጧቱ አሥራ ሁለት ሰዓት

ጭጋጉ ሳይነሳ በባጃጅ መናኸሪያ ወረድኩ። አርጆ የምሄደው ለሽምግልና ነው። የወንድሜ ልጅ ቦንሳ ወደ ምንጩ የሚያደርሰውን መንገድ አጥሮት፣ ታናሽ እህቴ ጫልቱ በስተርጅና ጀሪካን ተሸክማ ጋራውን ትዞራለች። ባለፈው ሽማግሌዎች ሲቀመጡ እኔም ነበርኩ። አርጆ ስሄድ የማርፈው ቦንሳ ቤት ነውና ከጎኑ አስቀመጠኝ፤ አፌን ሳልከፍት ዋልኩ። እኛ ጋ በሽምግልና ዝም ያለ ታላቅ ተስማምቷል ይባላል። መርቀው ተነሱ፣ አጥሩም ጸና። ዛሬ በጫልቱ ልመና እንደገና ይቀመጣሉ።

መንገድ ላይ፣ ሁለት ሰዓት ገደማ

ሚኒባሱ በቆሎ የሚጠብሱ ሴቶች ጋ ቆመ። ሁለት በስልሳ ብር ገዝቼ አንዱን አጠገቤ ለተቀመጠው ጎልማሳ ሰጠሁት። አርጆ የሚያስተምር የታሪክ መምህር ነው፣ የጎጃም ልጅ። ጉልበቱ ላይ የተማሪ ወረቀት ከምሯል።

"ስለ ማን ነው የጻፉት?" አልኩት።

"ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ስለነበረ የእንግሊዝ ፓርላማ ሰው ነው፣ እማማ። አጎቱ ባለርስት ነበር። ሰባት መራጭ ያለበት መንደር አለው፣ ሰባቱም የእሱ ጭሰኞች። ምረጡት አላቸው፣ መረጡት።"

"መንደሩንስ ያውቀዋል?"

"እግሩ ረግጦት አያውቅም።"

ሾፌሩ ከፊት ሳቀና መምህሩን በኦሮምኛ ጠራው። "ባርሲሳ፣ ይኼንን የምታስተምረው ለፈተና ነው ለሐሜት?"

"ሃያ ዓመት ተቀመጠ" አለ መምህሩ፣ "አንድ ቀን ተነስቶ አልተናገረም። አጎቱ በወደደው በኩል ድምፁን ሰጥቶ ይወጣል። በኋላ እንዲህ ያሉ ባዶ መንደሮች የፓርላማ ወንበራቸውን ይነጠቁ የሚል ሕግ መጣ። ያን ቀን ተነሳ። የኔ መንደር ከሰው በግ ይበዛበታል፣ ወንበሩን ውሰዱት አለ።"

"አጎቱስ?"

"ደጁን ዘጋበት። ፓርላማም ተመልሶ አልገባም።"

"ሞኝ" አለች ከኋላ ቅቤ የያዘች ሴት። "ሃያ ዓመት ዝም ብሎ፣ አንድ ዓመት መጨመር አቃተው?"

እኔ በቆሎዬን መጋጥ ትቼ ወደ ውጭ አየሁ። ባሕር ዛፍ፣ ባሕር ዛፍ፣ ከዚያ ገደል።

አርጆ፣ አራት ሰዓት

ብርዱ ነቀምቴን ያስመሰግናል። ቦርሳዬን ቦንሳ ቤት አኑሬ ስመጣ ሽማግሌዎቹ ዋንዛው ሥር ተቀምጠዋል። ቦንሳ ከጎኑ ወንበር አኑሮልኛል። "አዳዳ፣ እዚህ ይምጡ" አለኝ፤ አክስት ማለቱ ነው። ተቀመጥኩ። ከሁሉም ታላቅ የሆኑት ኦቦ ዲንሳ "ቃል የቀረው አለ?" ብለው እጃቸውን ለምርቃት ሲያነሱ ተነሳሁ።

"ባለፈው ዝም ያልኩት ተስማምቼ አይደለም። የማርፍበትን ቤት ፈርቼ ነው። አባቴ ያን መንገድ ለሁላችን ነው የተወው።"

ቦንሳ ቀና ብሎ አላየኝም። "ቤቴ ምን አጎደለብዎት፣ አዳዳ?"

"ምንም፣ ልጄ። ለዚያ ነው የከበደኝ።"

ሽማግሌዎቹ ዞር ብለው ተማከሩና አጥሩ በሰው ልክ ይከፈት አሉ። ጫልቱ ምርቃቱ እስኪያልቅ አልጠበቀችም። ጀሪካኗን አንስታ ቁልቁል ወረደች።

ጫልቱ ቤት፣ አሥራ አንድ ሰዓት

ቦንሳ ይደሩ አላለኝም። ቦርሳዬን ራሴ ከቤቱ አወጣሁ። ጫልቱ አንጮቴ ቀቅላ ጠበቀችኝ። ያላት አንድ ጠባብ አልጋ ነው።

"ስትተኚ ትራገጫለሽ" አልኳት።

"አንቺም ታንኮራፊያለሽ" አለችና ትራሷን ወደ ግድግዳው ገፋ አደረገችልኝ።