የአሲታን ስልሳ ሦስት ክሬዲት

አሲታን ዳኞኮ ወደ ኮሌጃችን ስትመጣ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ ጉልበቷ ግን የአሮጊት ጉልበት ሆኖ ነበር። ነብራስካ በነሐሴ ሙቀት ስትነድ፣ ሁለት ሻንጣ እየጎተተች የመኝታ ክፍሌን በር አንኳኳች። ቁመቷ ሁለት ሜትር ሊሞላ ምንም አልቀረውም፤ ስትገባ ከልማድ የተነሳ ጎንበስ አለች።

«ስምሽ ማን ነው?» አለችኝ በአገራችን በማሊ ቋንቋ፣ በባምባራ።

«ኮሮቱሙ ኩሊባሊ።»

«ኩሊባሊ? ከኦክላሆማ ድረስ ተንከራትቼ መጥቼ ከባቄላ በሊታ ጋር ልደር? መስኮቱን ክፈቺ!»

«አንቺን ደግሞ ማን ጠራሽ? አልጋው ስለማይበቃሽ እግርሽን ኮሪደር ላይ አሳድሪው» አልኳት።

እኛ ማሊዎች በቤተሰብ ስም እንዲህ ከተሰዳደብን ተዋደድን ማለት ነው፤ ኩሊባሊ የተባለ ሁሉ «ባቄላ በሊታ» እየተባለ ይቀለድበታል። ከዚያን ቀን ጀምሮ እህትማማች ሆንን።

ታሪኳን የነገረችኝ ከልምምድ በኋላ፣ ጉልበቷ ላይ በረዶ አስራ በተቀመጠች ቁጥር ትንሽ ትንሽ ነው። ባማኮ ሳለች ነጥብ የምታስቆጥር የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ነበረች። አንድ መልማይ አይቷት ካንሳስ ወዳለ የሁለት ዓመት ኮሌጅ አመጣት። እዚያ ያገኘችው አሰልጣኝ ከላይ እስከ ታች አይቷት «አንቺ አትወረውሪም፤ ሌሎቹ የሳቱትን ትለቅሚያለሽ፣ ለእነሱ ግድግዳ ሆነሽ ትቆሚያለሽ» አላት። ሁለት ዓመት ሙሉ ግድግዳ ሆነች። ቀጥሎ ኦክላሆማ ገባች። ያስገባት አሰልጣኝ ዓመት ሳይሞላው ሌላ ኮሌጅ ቀጠረውና ሄደ፤ በእሱ ቦታ የመጣችው ደግሞ «ላንቺ የሚሆን ቦታ የለኝም» አለቻት። ስሟን ኮሌጅ ከሚቀይሩ ተጫዋቾች ጋር አስመዝግባ ስልኳን ታቅፋ ከረመች። የደወልንላት እኛ ብቻ ነበርን።

በዚያ ዓመት የብርድ ወራት፣ ቡድናችን ለጨዋታ ከከተማ ከተማ ሲዞር፣ የኖርነው አውቶቡስ ውስጥ ነው ማለት ይቻላል። አሲታን ሁለት ወንበር ይዛ፣ እግሯን መተላለፊያው ላይ ዘርግታ፣ የባዮሎጂ መጽሐፍ ደረቷ ላይ እንደተከፈተ ታንቀላፋለች። የላብራቶሪ ባለሙያ መሆን ነበር የምትፈልገው። የላብራቶሪው ትምህርት ግን በየሄደችበት ከልምምድ ሰዓት ጋር ስለሚጋጭ፣ ስፖርት አስተዳደር ውስጥ መድበዋታል።

አጎቷ ባካሪ እሑድ እሑድ ከባማኮ ይደውላሉ።

«ልጄ፣ መቼ ነው በቴሌቪዥን የምናይሽ?»

«አጎቴ፣ እኛን የሚያሳይ ቴሌቪዥን የለም እኮ።»

«እንግዲያው በርቺ!»

ስልኩን ዘግታ ወደ እኔ ዞረች። «እየበረታሁ እኮ ነው እንዲህ የደከመኝ» አለች።

ለኮሌጅ መጫወት የሚፈቀደው አራት ዓመት ብቻ ነው፤ የእሷን የመጨረሻ ጨዋታ ተሸነፍን። አሥራ አራት የተሳቱ ኳሶች ለቅማ ያስቆጠረችው ሁለት ነጥብ ነው። ልጆቹ መልበሻ ክፍል ውስጥ ሲላቀሱ እሷ የቁርጭምጭሚቷን ፋሻ በዝግታ ፈታች። «በቃ፣ አለቀ?» አለችኝ። ትስቅ ነበር።

በሳምንቱ ሬጅስትራር ቢሮ አብረን ሄድን። ጸሐፊዋ ኮምፒውተሩን ስታይ ቆየችና «ለመመረቅ አርባ አንድ ክሬዲት ይጎድልሻል» አለቻት።

«አራት ዓመት ተምሬ?»

«ከሌሎቹ ኮሌጆች ያመጣሻቸው ብዙዎቹ ለዲግሪው አይቆጠሩም። የቅርጫት ኳስ ስልትን ለምሳሌ ሦስት ጊዜ ወስደሻል።»

አሲታን የክሬዲቷን ዝርዝር የያዘውን ወረቀት ተቀበለች። መጫወቷ ስላበቃ በነጻ መማሯም አብቅቷል፤ ካልተመዘገበች ደግሞ አገሩን ለቃ መውጣት አለባት። ወረቀቱን እያየች ጠየቀች፦ «ወደ ባዮሎጂ ብቀይርስ?»

«ስልሳ ሦስት።»

ከዚያ በቀጥታ ወደ አሰልጣኛችን ማርሊስ ቢሮ አመራች። እኔም ተከተልኳት።

«አሰልጣኝ፣ ጨዋታው አልቆ ትምህርቱ ገና ነው። ምን ላድርግ?»

ማርሊስ ወረቀቱን አነበበች፤ ፊቷ ቀላ። «ይሄን ስትመጪ ነበር ማየት የነበረብኝ። አላየሁም» አለች። ቀጥላም «የቡድኑን ልብስና ዕቃ የሚይዝ ተማሪ እፈልጋለሁ። የትምህርት ክፍያው ይሸፈናል። ግን ልብስ ማጠብ ነው፤ ላንቺ እንዲህ ያለ ሥራ ማቅረብ ያሳፍረኛል» አለቻት።

«ልብሱን ጠዋት ማጠብ እችላለሁ? ከሰዓት በኋላ ላብራቶሪ እገባለሁ።»

«እንደፈለግሽ። ታዲያ አርባ አንዱን ነው የምትጨርሺው?»

«ስልሳ ሦስቱን» አለች።

እውነቱን ለመናገር አብዳለች ብዬ ነበር። ኮሪደሩ ላይ ይዣት «አንቺ ልጅ፣ ቶሎ ጨርሰሽ አትገላገይም?» ስላት፣ «ሌላ ሰው የመረጠልኝን እስካሁን ስሠራ ኖሬያለሁ፤ ከደከመኝ አይቀር በራሴ ምርጫ ይድከመኝ» አለችኝ።

ሁለት ዓመት ማሊያዎቻችንን አጠበች። አዲስ የመጡት ልጆች ተጫዋች እንደነበረች እንኳ አያውቁም ነበር። አንዳንድ ጠዋት ማሽኑ ሲዞር እሷ ካልሲ ክምር ላይ ተደግፋ እንቅልፍ ወስዷት አገኛታለሁ። አንድ ኮርስ ወድቃ ደግማለች፤ አንድ ጊዜም ሻንጣዋን ሸክፋ እኔው ነኝ መልሼ የፈታሁት።

በግንቦት አብረን ተመረቅን። ትልቁ ጋዋን እንኳ ከጉልበቷ ብዙም አልወረደላትም። ፎቶ እንነሳ ስላት «እግሬን አመመኝ፣ ኮሮቱሙ፣ ቤት እንግባ» አለች። ሩዝና የኦቾሎኒ ወጥ ሠራሁ። ሳህኑን ይዤ ስመጣ ጋዋኗን ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ተጋድማ፣ እግሯ ከጫፉ ተርፎ፣ ታንኮራፋለች። አልቀሰቀስኳትም፤ ወጡን ከድኜ አስቀመጥኩላት። ሰኞ ኦማሃ ከተማ ባለ አንድ ሐኪም ቤት ላብራቶሪ ሥራ ጀመረች።