ፍሬ የማይሰጠው ሐረግ

በ1977 ዓ.ም. ረሃቡ ሲጸና ኣብርሀት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች። አባቷ ገብረሰንበት እጇን ይዞ ወደ ሱዳን ድንበር ከሚሄደው ሕዝብ ጋር ተነሣ። ከመንደሩ በወጡ በሁለተኛው ቀን አውሮፕላን መጣ። ሕዝቡ ሲበተን አባትና ልጅ ገደል ወርደው፣ ከአንድ ምንጭ አጠገብ በበቀለ የጫካ ወይን ሥር ተደበቁ። ሦስት ቀን ከዚያ አልወጡም። የአውሮፕላኑ ድምፅ ሲቀርብ አባቷ አፏን በመዳፉ ይከድናል፤ ሲርቅ ጎምዛዛውን ጥቁር ፍሬ እየለቀመ ያጎርሳታል። ሁለቱም በሕይወት ወጡ።

ከዓመታት በኋላ ኣብርሀት አዲስ አበባ ገባች። ሃያ ሁለት አካባቢ የመጋረጃ ሱቅ ከፈተች፤ ከላምበረት ጀርባም ከእኔ ቤት ጎን ያለውን ቤት ገዛች። በ2009 ዓ.ም. አባቷን ልትጠይቅ አገሯ ስትሄድ፣ ሽማግሌው ወደዚያ ገደል ይዟት ወረደና ከሁለት ሐረጎች ቆርጦ ሰጣት። አንዱ ያፈራል። ሌላው አበባ ያወጣል እንጂ ፍሬ አይዝም። ሁለቱን እንዳትለያይ አጥብቆ ነገራት፤ ለምን እንደሆነ ግን እሱም አያውቅም፤ አባቱ ያለውን ነው ያላት።

ከአጥሯ ሥር ጎን ለጎን ተከለቻቸው። እንዲህ ያለ ወይን በከተማው አይቼ አላውቅም። እሷ ግን ይሰረቅብኛል፣ ሰው በዓይን ይበላብኛል ብላ ስለምትፈራ፣ ለጠየቃት ሁሉ ተራ ወይን ነው ትል ነበር። ለእኔም ያለችኝ ይህንኑ ነው።

ባለፈው ጥር ለዘመድ ለቅሶ አገሯ ሄደች። ከቀብር በኋላ ወደ ገደሉ ወረደች። ምንጩ አለ፤ ወይኑ የለም። በጦርነቱ ጊዜ ማገዶ ያጣ ሕዝብ ቆርጦት፣ የቀረውን እሳት በልቶት ጥቁር ጉቶ ብቻ ቆሟል። ጉቶውን በድንጋይ ብትፍቀው እስከ ውስጡ ደርቋል። በመልስ ጉዞዋ አውቶቡስ ውስጥ እህል አልቀመሰችም። «የቀሩት የእኔዎቹ ሁለቱ ብቻ ናቸው» እያለች፣ ለራሷ እየደጋገመች መጣች።

ላምበረት ወርዳ ግቢዋ ስትገባ የአጥሩ ግማሽ ባዶ ነው። ግቢውን የሚያጸዳላት ገረመው ቆሞ ይጠርጋል፤ ምስጋና የሚጠብቅ ይመስላል።

«እትዬ፣ ያንን ሰነፍ ገላገልኩልዎት» አላት። «ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ ዘለላ አልሰጠም፤ የደጉን ውሃ ሲጠጣበት ነው የኖረ። ከነሥሩ ነው የነቀልኩት።»

መሬት ላይ ተቀመጠች። ቅርንጫፉ የት እንደደረሰ ስትጠይቀው፣ መብራት ስለጠፋ ለጎረቤታቸው ለሀጀር ለማገዶ እንደሰጣት ነገራት። አራት ቀን ሆኖታል።

የሀጀር ግቢ ከኣብርሀት ፊት ለፊት ነው። የወሎ ሰው ናት፤ ተረብ አታጣም።

«ምነው እንዲህ ገረጣሽ፣ የለቅሶሽን ትራፊ እኔ ቤት ይዘሽ መጣሽ?» አለቻት። ኣብርሀት ስለ እንጨቱ ስትነግራት ግን ፊቷ ተለወጠ። እንጨቱ ወጥ አብስሎ አልቋል። ከውሃ በርሜሉ ሥር የወደቁት ሦስት ቁራጮች ብቻ ቀርተው ነበር፤ እርጥብ ስለነበሩ እሳት አልያዝ ብለዋት የጣለቻቸው ናቸው።

ኣብርሀት በጥፍሯ ልጣጩን ፋቀች። ሀጀር ቁራጩን ያዘችላት። ከሥሩ አረንጓዴ ነው።

ያኔ ሌላ ፍርሃት መጣ። ወይን የሚያውቅ ሰው ሲቆርጥ ታችኛውን ጫፍ ቀጥ፣ ላይኛውን ሰያፍ አድርጎ ነው፤ ተገልብጦ የተተከለ ቁራጭ አይጸድቅም። ገረመው ግን በመጥረቢያ እንደመጣለት ነው የከተከተው፤ የትኛው ጫፍ ላይኛው እንደሆነ አይለይም። ሰሚት ኮንዶሚኒየም ወደምትኖረው የእህቷ ልጅ ወደ ሉላ ደወለች። ሉላ የዕፅዋት ተመራማሪ ናት፤ ወዲያው መጣች። ቅጠል የረገፈበትን ጠባሳ እያሳየች፣ አዲስ ቅጠል የሚያወጣው ዓይኑ ከጠባሳው በላይ እንዲውል አድርጋ አንድ በአንድ ለየችላቸው። የተነቀለው ወንዴው እንደነበረም ያን ቀን ነገረቻት፤ ያለ እሱ የሴቴዋ አበባ ይረግፋል።

«አክስቴ፣ ከእሷ ብቻ እየቆረጥን ብንተክል ሺህ ቢሆንም አንድ ነው» አለቻት። «አንድ በሽታ ሁሉንም ይጠርገዋል። ከሁለቱ ዘር የሚበቅለው ነው የሚለያየው፤ አንዱ ድርቅ ይችላል፣ አንዱ ብርድ።»

ሦስቱን በሦስት ቦታ ተከሏቸው፤ አንዱን ኣብርሀት ግቢ፣ አንዱን ሉላ በረንዳ ላይ፣ አንዱን ሀጀር ጓሮ። ኣብርሀት በየቀኑ ጠዋት ከሱቅ በፊት ታያለች። በሦስተኛው ሳምንት የራሷ ጠቆረ። የሉላም ተከተለ። በዚያ ሰሞን በራችን ላይ ሳገኛት ስለ ሀጀር ጓሮ ለመጠየቅ እኔም ፈራሁ። በአርባ አንደኛው ቀን የሀጀር ጓሮው ቁራጭ ዓይኑን ከፈተ። አሁን ሦስት ቅጠል አለው፤ እስኪያብብ ግን ዓመታት ይቀሩታል፤ በዚያ መካከል ምን እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም። ሴቴዋ ዘንድሮ አብባ፣ አበባዋ ሁሉ መሬት ረገፈ።

ይህን ልጽፍ ፈቃዷን ስጠይቃት እንዲህ አለችኝ፦

«ይጻፉት አባባ። ገረመውን ግን ጥፋተኛ አያድርጉት፤ ሰው ምን እንደሆነ ያልነገሩትን ይቆርጣል። ሰባት ዓመት ከሌባ ስደብቀው ከሚጠብቅልኝም ሰው ደብቄው ኖርኩ። አሁንም እፈራለሁ፤ ሌሊት ብርድ ሲነሣ እንቅልፍ የለኝም። ግን ለሁሉም ነግሬያለሁ። ገረመውንም አስተምሬዋለሁ። ለእኔ ትልቁ ነገር ይኼ ነው፤ እኔ ብሞት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አለ።»