የባቡር መሐንዲሱ አውቶብስ ሲገፋ

ዛሬ ከሚዛን ወደ ቴፒ ስንሄድ አንድ የባቡር መሐንዲስ ጭቃ ውስጥ ቆሞ አውቶብስ ሲገፋ አየሁ። እኔም ከጎኑ ሆኜ እየገፋሁ ነበር።

ወጣቱ ከአዲስ አበባ የመጣው የባቡር መስመር በየት በኩል ሊያልፍ እንደሚችል ሊያጠና ነው። ከሚዛን እንደተነሳን ካርታውን ጭናችን ላይ ዘርግቶ "ባቡሩ ሲመጣ ሻይ ጠጥታችሁ ሳትጨርሱ ቴፒ ናችሁ" አለን። አጨበጨብንለት።

ጭብጨባችን ሳያልቅ አውቶብሱን ጭቃ ያዘው።

ሁላችንም ወረድን። መሐንዲሱ ግን ነጭ ጫማውን አይቶ ወንበሩ ላይ ቀረ።

ቴፒ ያለችው ልጃቸው ምጥ ላይ ናት ተብለው ከጠዋት ጀምሮ ሲጸልዩ የነበሩት እማማ አስካለ ከውጭ ሆነው በመስኮት ጠሩት።

"የኔ ልጅ፣ የሚመጣውን ባቡር ተወውና የመጣውን አውቶብስ ግፋልኝ።"

ጫማውን አውልቆ ወረደ። ጎማው ሲሽከረከር እስከ ቅንድቡ ጭቃ አለበሰው።

አውቶብሱ ንቅንቅ ሳይል የእማማ ስልክ ጮኸ። (መንገድ በሌለበት ኔትወርክ መኖሩ ራሱ ጉድ ነው።) ሴት ልጅ ተወልዳለች፤ እናቷም ደህና ናት። እማማ እዚያው ጭቃው ላይ እልል አሉ፤ እኛም መግፋቱን ትተን አጀብናቸው።

መሐንዲሱ እንኳን ደስ ያለዎት ብሎ ሲያቅፋቸው "ባቡርህ ቢኖርማ ደርሼላት ነበር" አሉት፤ እየሳቁም እያለቀሱም። አንገቱን ደፋ።

እንደገና ገፍተን ወጣን። መሐንዲሱ ወደ ወንበሩ ሲመለስ ደብተሩን አውጥቶ አንድ መስመር ጻፈ። ሰረቅ አድርጌ አነበብኩት፦ "አፈሩ በጣም ይይዛል።"

ጥናቱ ተጀምሯል ማለት ነው።

በሉ እናንተም አውሩን፤ በዚህ መንገድ ከማን ጋር ገፍታችሁ ታውቃላችሁ?