ናቲ የማይዘለው አጥር

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ገና ፊቴን ሳልታጠብ የእድራችን ጡሩምባ ተነፋ...

እኛ ሰፈር፣ ቡራዩ ውስጥ፣ ጡሩምባ ከተነፋ ሰው ሞቷል ማለት ነው። እማዬ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከእኔ ቀድማ ወጣች። እኔም ጥቁር ሻርፔን ፈልጌ ተከተልኳት። ጎረቤቱ በየበሩ እየወጣ «ማን ነው? ኤኙቱ ዱኤ?» ይባባላል። የሚያውቅ የለም። ጎረቤታችን እትዬ አስካለማ ማን እንደሞተ ሳያውቁ ማልቀስ ጀምረዋል።

የጡሩምባውን ድምፅ ተከትለን ስንሄድ... ወደ ካባው ወሰደን።

ካባው ድሮ ድንጋይ ይወጣበት የነበረ ትልቅ ጉድጓድ ነው። ድንጋዩ ሲያልቅ ሰዎቹ ሄዱ፣ ጉድጓዱ ቀረ። ክረምት ሲመጣ ውሃ ይሞላል፣ ልጆች ሊዋኙ ይገቡበታል። ታናሽ ወንድሜ ናቲ በዘጠኝ ዓመቱ የቀረው እዚያ ነው። እማዬ ከዚያን ቀን ወዲህ በዚያ በኩል አልፋ አታውቅም። ታክሲ ለመያዝ እንኳ ዞራ ነው የምትሄደው።

«ደግሞ የማን ልጅ ይሆን?» አለችኝ። ክንዴን ያዘች።

ስንደርስ ሬሳ የለም፣ ድንኳን የለም። ያለው የአጣና ክምር፣ ጥቅል ሽቦ እና ጡሩምባ ነፊያችን ኦቦ ለሜሳ ብቻ!

«ኦቦ፣ ማን ነው የሞተው?» አልኳቸው።

«ማንም አልሞተም።»

«ታዲያ ምን ሆነው ነው የሚነፉት?»

«አጥሩን እንድንሠራ ነዋ!»

ነገሩ እንዲህ ነው... እድሩ ክረምቱ ሳይገባ ካባው እንዲታጠር ወስኖ ነበር። ሁለት ቅዳሜ በቴሌግራም ግሩፕ ተጠራን። ሁላችንም አውራ ጣት ላክን። የመጣው አራት ሰው ነው። አልዋሽም፣ አውራ ጣት ልከው ከተኙት አንዷ እኔ ነኝ።

እትዬ አስካለ እንባቸውን ጠርገው ቱግ አሉ። «ያለ ሞት ጡሩምባ ይነፋል? ሟርት ነው እኮ!»

ኦቦ ለሜሳ አልተቆጡም። «ለናቲ ስነፋ ይሄ ሁሉ ሰው መጥቶ ነበር» አሉ ዝግ ብለው። «ግን ልጁ ካለቀ በኋላ ነው። አንድ ቀን ቀደም ብዬ ነፍቼው ቢሆን እያልኩ ስንት ክረምት አለፈ... በሉ፣ ስድቡን ለማታ አቆዩልኝና ዶማ ያዙ።»

ወንዶቹ ጋቢያቸውን ድንጋይ ላይ ጥለው ቁፋሮ ጀመሩ። እኛም ነጠላችንን ወገባችን ላይ አስረን አጣና ማቀበል ያዝን። የሚያልፍ ሰው ቢያየን ለቅሶ ይሁን ደቦ ግራ ይገባው ነበር።

እማዬ ብቻ ጉድጓዱን እያየች ቆመች።

ወደ አምስት ሰዓት ገደማ ቋሚዎቹ ቆሙ፣ ሽቦው ተወጠረ። የእድሩ ሊቀመንበር «ይሄ ይበቃል» አለ። ይኼኔ እማዬ ቀስ ብላ መጣችና እጇን የላይኛው ሽቦ ላይ አደረገች።

«ይሄንንማ ናቲ ይዘለዋል።»

ስሙን ከአፏ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ!

ሽቦ ተጨመረ። ኦቦ ለሜሳ «አሁንስ?» አሏት።

«በመሃል ይሾልካል። ቀጭን አይደል እንዴ።»

ክፍተቱ በአጣና ተዘጋ። «አሁንስ?»

«የቤታችንን ቆርቆሮ አጥር ዘሎ አይደል የወጣው? ይሄ ያቅተዋል?»

እውነቷን ነው። ያን ቀን ልብስ ሳጥብ እንዳይወጣ ብዬ በሩን የቆለፍኩበት እኔ ነበርኩ። አንገቴን ደፋሁ።

«ረጃጅሙን አጣና አምጡ!» አሉ ኦቦ ለሜሳ። ቤት ልሂድ ያለ አንድ ሰው አልነበረም። ከሰዓት በኋላ አጥሩ ከሁላችንም ቁመት በለጠ። እማዬ ጫማዋን አወለቀችና እግሯን አጣናው ላይ አድርጋ ራሷ ልትወጣ ሞከረች... አንሸራተታት። ደግማ ሞከረች። አልሆነም።

«አሁን አይችልም» አለች። ከዚያ ግንባሯን አጥሩ ላይ አስደግፋ አለቀሰች። እትዬ አስካለ አቅፈዋት አብረው አለቀሱ።

ዛሬ ቢኖር ጎረምሳ ነው፣ አጣናውን የሚሸከምልን እሱ ነበር። እኔ ግን የናፈቀኝ ያው የዘጠኝ ዓመቱ ልጅ ነው... ምነው ሱሪው በሽቦው ተይዞ እዚያ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ባገኘሁትና፣ ጆሮውን ይዤ እየጎተትኩ ወደ ቤት በወሰድኩት።