ድምፄ ከልጆቹ ጋር፣ እኔ ደጅ

ኧረ እኔን ምን አግብቶኝ ነው! ሀን ከለ የማልለይ ሴት፣ ባሕር ዳር ላይ ስንት የሚገባበት ቤት እያለ፣ ሄጄ ሄጄ ቤተ መጻሕፍት ልግባ? ጠላ ቤት ብገባ ይሻለኝ ነበር፤ እዚያ ቢያንስ ዝም በይ የሚል የለም። ይኼን የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ከአሁኑ መሳቅ ጀምራለች። አትሳቂ፣ ጻፊ። መሳቅሽንም ጻፊው።

ዘመኑ የደርግ ነው። እናትሽ ትምህርቷን ስትጨርስ መንግሥት ጅማ መደባት፤ ሄደች። አያትሽ ከዚያ በፊት ዐርፏል። ዕድሜውን ሙሉ ከቁንዝላ ባሕር ዳር እህል በጀልባ ሲያመላልስ ኖሮ፣ ጣና ያልደፈረውን ሰው ወባ ወሰደችው። እኔ በአንዲት ክፍል ቤት ቀረሁ። ብቻዬን መሆኔን ያወቅሁት በአፌ ነው። ጠዋት ለመንገደኛ «ደህና አደርህ» ስል ድምፄ ሻክሮ፣ የሌላ ሰው መስሎ ይወጣል። ለካ ከትናንት ጀምሮ አልተናገርሁበትም።

አንዲት ዶሮ ነበረችኝ፤ እሷን አጫውት ነበር። ስሟን አልናገርም፤ የቀበሌው ሊቀ መንበር ሚስት ስም ነው። አንድ ቀን ደጅ ወጥቼ በስሟ እየጠራሁ «ነይ ግቢ፣ አንቺ ቀላዋጭ!» ስል ሴትዮዋ በመንገዱ ታልፍ ኖሯል። ከዚያ ወዲያ የቀበሌ ስኳር ሲታደል እኔ ጋ ሲደርስ ያልቃል።

ከቤቴ ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ የአንድ ነጋዴ ቤት ነበር። ትርፍ ቤት ተብሎ ተወረሰና ተዘግቶ ቆየ። አንድ ቀን የጭነት መኪና መጣና ካርቶን ማራገፍ ጀመረ። እኔ ሳሙና መስሎኝ ሮጬ ተሰለፍሁ። ከኋላዬ ጎረቤቴ ተሰለፈች፤ ጨውና ክብሪት የምትሸጥ ባለ ሱቅ ናት፣ ሙስሊም፣ ምላሷ ከእኔ የባሰ። ከእሷ ኋላ ደግሞ መንደሩ ሁሉ። በዚያን ጊዜ ሰው ሰልፍ ካየ ይቆማል፤ ምን እንደሚታደል የሚጠይቀው ከቆመ በኋላ ነው። ካርቶኑ ሲከፈት መጽሐፍ።

«በይ እንግዲህ፣ ልብስሽን በዚህ እጠቢ» አለችኝ ጎረቤቴ። ተበተንን።

ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ሆኖ ተከፈተ፤ ከዚያ በኋላ አንባቢዎቹን በመስኮቱ አያቸው ጀመር። ሰዎች ረጅም ጠረጴዛ ከበው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። የሚያነቡት ምንም ይሁን ምን ግድ አልሰጠኝም፤ እኔን ያስቀናኝ ጎን ለጎን መቀመጣቸው ነው። ክረምት ነበር። አንድ ቀን ከጣና በኩል ዝናቡ እየገፋ ሲመጣ፣ ቤቴ እዚያው ፊት ለፊት ሆኖ ሳለ፣ እንደ መንገደኛ ልጠለል ብዬ ገባሁ።

በሩ ላይ ጫማዬን አወለቅሁ። መቃኑን ሳምሁ። የቤቱ ኃላፊ ከሐረር በኩል ተመድባ የመጣች ወጣት ናት፤ ብድግ አለች።

«እማማ፣ ጫማዎን ለምን አወለቁ?»

«መጽሐፍ ያለበት ቤት በጫማ ልግባልሽ?»

«ይኼ እኮ የቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ አይደለም።»

«ታዲያ የማን ነው?»

ዞር ብላ መደርደሪያውን አየች። ከሩቅ አገር ታትሞ የመጣ፣ ቆዳው ቀይ፣ ባለ ጢም ሽማግሌ የተሣለበት ወፍራም ወፍራም መጽሐፍ ነው። «እሱን እኔም ገና አልጨረስሁትም» አለችና ሳቀች።

እኔ ጢሙን አይቼ ከጻድቃን አንዱ መሰለኝ። አንሥቼ ሳምሁት፣ ግንባሬንም አስነካሁት። አንድ ተማሪ ሳቁን ሊውጥ ሲል ታነቀ። በኋላ ሽማግሌው ማን እንደሆነ፣ እግዜር የለም ባይ መሆኑን ሲነግሩኝ አፌን በውኃ ተጉመጠመጥሁ፤ ቢሆንም ምን ዋጋ አለው? አፌ ከሳመው ስንት ጊዜው!

ጫማ ማውለቁ ግን ቀረ እንዳይመስልሽ። ሌሎችም እናቶች ልጆቻቸውን ሊያደርሱ ሲመጡ የእኔን ጫማ ደጅ አይተው ያወልቃሉ። አንድ ቀን ከቀበሌ የመጣ ጓድ በር ላይ ያን ሁሉ ጫማ አየና «ይኼ ምንድነው? መስጊድ ነው?» ብሎ ተቆጣ። ወደ ውስጥ ሲገባ ግን የራሱን አውልቆ ገባ። ካልሲው ተቀዶ አውራ ጣቱ ወጥቷል።

ከገባሁ በኋላ ያጋጠመኝ ጉድ ዝምታው ነው። ያ ሁሉ ሰው ጎን ለጎን ተቀምጦ አይነጋገርም! እኔ ቤቴ ብቻዬን ዝም እላለሁ፣ እነሱ ተሰብስበው ዝም ይላሉ። አጠገቤ ያለውን ተማሪ «ልጄ፣ እናትህ ደህና ናት?» እለዋለሁ፤ «እሽሽ» ይለኛል። ወዲያ ዞሬ ሌላዋን «ይኼን ሹሩባ ማን ሠራሽ?» እላለሁ፤ «እሽሽ»። ልጅቱ፣ የሐረሯ፣ መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለች።

«እማማ፣ ሰዎቹ ሊያነቡ አልቻሉም።»

«አባረርሽኝ?»

«አላባረርሁዎትም። ቅዳሜ ከሰዓት ሕፃናት ይመጣሉ፤ የማነብላቸው የልጆች መጽሐፍ የለኝም። ተረት ያውቃሉ?»

«ከተረት ሌላ ምን አውቃለሁ?»

እንዲህ ብዬ ገባሁበት። ልጆቹ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሠራተኞች ልጆች ናቸው፤ አባት ከወለጋ፣ እናት ከትግራይ፣ አንዱ ከየት አንዱ ከየት። ወላጆቻቸው በፈረቃ ይሠራሉና ቅዳሜ የሚውሉበት የላቸውም። አንዲት ሴት ልጅ ነበረች፣ እናቷ የሽመና ማሽን ላይ የምትሠራ፤ ተረት ሳወራ የነጠላዬን ጫፍ በጣቷ ጠቅልላ ይዛ ነው የምትሰማው። ተረቱ ሲያልቅ ነጠላዬ በዚያ በኩል እንደ ገመድ ተጠምዝዞ ይቀራል። ቤት ገብቼ አልፈታውም ነበር።

የእኔ ተረት ከየትም የመጣ አይደለም፤ እዚያው የሚበስል ነው። ጅብ ታንኳ ተከራይቶ ወደ ደቅ ደሴት ለቅሶ ሲሄድ፣ ቀዛፊው አህያ ሆኖ ሲገኝ… ይኼው ነው አጥንቱ። ሥጋውን የሚያወጡት ልጆቹ ናቸው። «ጅቡ ታንኳው ላይ ቁጭ ብሎ አፍንጫውን ይጎረጉር ነበር፣ ልክ እንደ…» ብዬ ዝም እላለሁ። ጣቱ አፍንጫው ውስጥ ያለ ልጅ ሁሉ ጣቱን መዥረጥ ያደርጋል። ቤቱ በሳቅ ይናጋል። ያንቀላፋ ካለ አህያው ያንቀላፋል። ያኮረፈ ካለ ጅቡ ያኮርፍና ታንኳው ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። እናም አንድ ተረት ሁለቴ አንድ ዓይነት ሆኖ አያውቅም።

ሳምንቱን ሙሉ የምኖረው ለቅዳሜ ነበር ብልሽ አላጋነንሁም። ሰኞ ስነሣ ምን ብዬ ላስቃቸው ብዬ አስባለሁ። ዶሮዋ ላይ እሞክረዋለሁ። ዶሮዋ ካልሸሸች ተረቱ አይረባም ማለት ነው፣ እንደገና እሠራዋለሁ።

ወሬው ተሰማና ከባህል ጉዳይ አንድ ካኪ የለበሰ ጓድ ቴፕ ይዞ መጣ። ትሕትናው ሌላ ነው፤ ጎንበስ ብሎ እጄን ያዘ።

«እናቴ፣ እርስዎ የሕዝብ ሀብት ነዎት» አለኝ።

ደነገጥሁ። ያን ጊዜ የሕዝብ ሀብት የተባለ ነገር ሁሉ ይወረሳል። «የምን ሀብት ይዤ ነው ልጄ? አንዲት ክፍል ቤትና አንዲት ዶሮ ነው ያለኝ» አልሁት።

«አይ፣ ድምፅዎን ነው።»

ልጆቹን ወደ ደጅ አስወጡ፣ መስኮቱን ዘጉ። ሰውዬው አንዱን ቁልፍ ሲጫን ቀይ መብራት በራ፤ በእጁ ጀምሪ አለኝ። «ተረት ተረት» አልሁ። ጸጥ። ተረት ተረት ሲባል የላም በረት ማለት ያለበት ሰው አለ አይደል? ሰውዬውን አየሁት፤ ድምፁ እንዳይገባ አፉን ዘግቷል። የሐረሯን ልጅ አየኋት፤ እሷም ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋለች። ጠበቅሁ፣ ጠበቅሁ፤ ኋላ ራሴው «የላም በረት» ብዬ መለስሁ። እንደ ዕብድ! ከዚያ ለግድግዳው አወራሁ። «ልክ እንደ…» እልና የማየው አፍንጫ አጣለሁ። ያው ቤቴ ያለሁ ነው የመሰለኝ። ሲያልቅ ሰውዬው አጨበጨበ፤ እኔም ሞኟ ደስ ብሎኝ ተጎማልዬ ገባሁ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ነጠላዬን አጥቤ ሄድሁ። ልጆቹ ተቀምጠዋል። እኔ የምቀመጥበት ወንበር ላይ ግን ቴፑ ተቀምጧል። ባለ ካኪው ከጎኑ ቆሟል።

«እናቴ፣ ይኸው ከእንግዲህ አይደክሙም። ከኋላ ይቀመጡና ራስዎን ይስሙ።»

ከኋላ ተቀመጥሁ። ከሳጥኑ ውስጥ አንዲት አሮጊት «ተረት ተረት» አለች። ልጆቹ በአንድነት «የላም በረት!» አሉ። አሮጊቷ ቆየት ብላ፣ በቀጭን ድምፅ፣ ለራሷ «የላም በረት» አለች። ልጆቹ ሞቱ በሳቅ። እኔም ሳቅሁ፤ ያቺን ብቸኛ ሴት ለየኋታ። ጅቡ አፍንጫውን መጎርጎር ሲጀምር ፊት ያለው አንዱ አፍንጫውን እየጎረጎረ ነበር፤ አሮጊቷ ግን አላየችውም፣ ዝም ብላ አለፈች። አላስቻለኝም።

«ውሸቷን ነው!» አልሁ ከኋላ። «ጅቡስ እዚያ ፊት ተቀምጧል!»

ልጆቹ ዞረው ፈነዱ። ባለ ካኪው እየተሽቆጠቆጠ በጣቱ ጫፍ መጣና ጆሮዬ ላይ «እናቴ፣ እባክዎ፣ ተረት እየተሰማ ነው» አለኝ።

ስንት ሰው ዝም በይ ብሎኛል፤ ለራሴ ድምፅ ተብሎ ዝም በይ የተባልሁት ግን ያን ቀን ነው።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ቴፑ ነው። የሐረሯ ልጅ ዐይኔን ማየት አፈረች። «መመሪያ ሆኖ ነው እማማ» ትለኛለች። «ወደ ሌላም ከተማ ሊልኩት ነው፤ ቆላ ድባ ሳይቀር ይሰማዎታል።» እኔ ቆላ ድባ ማንን አውቃለሁ? እኔ የምፈልገው ያቺን ነጠላ ጠምዛዥ ነው። እሷ ከፊት ነው የምትቀመጥ፤ እኔ ከኋላ ነኝ፤ ነጠላዬ አይደርስላትም።

ታዲያ ተስፋ አልቆረጥሁም። ቴፑ በመብራት ነው የሚሠራው፤ ባትሪ ድንጋይ በዚያን ጊዜ ከየት ይገኛል? ጢስ ዓባይ ላይ መብራት የሚያመነጨው ያ ሁሉ ውኃ ለአንድ ቅዳሜ ብቻ ቢያርፍ ምን አለበት ብዬ ጊዮርጊስን ለመንሁ። ይኼ ጸሎት ነው ወይስ አሻጥር፣ እሱ ያውቃል።

እውነትም አንድ ቅዳሜ ጠፋ! አሮጊቷ ጅቡን ታንኳ ላይ እንዳወጣችው ድምጿ እየወፈረ፣ እየወፈረ፣ እንደ ሰካራም ሆኖ ቀረ። ልጆቹ ተንጠራርተው ቴፑን አዩት። ከዚያ አንዱ ዞረና «እማማ አሉ እኮ!» አለ። ከየት አመጣሁት ያን ጉልበት! ቴፑን ከወንበሬ አንሥቼ መሬት አስቀመጥሁና ቁጭ አልሁ። ከበቡኝ። ያቺ ልጅ መጣችና ምንም ሳትናገር የነጠላዬን ጫፍ ያዘች። ጅቡን ከታንኳው ውኃ ውስጥ ጣልሁት፤ ጉማሬ አዘለው፤ ጉማሬው የአንዳቸውን አባት እንደሚመስል ስነግራቸው የማን አባት እንደሆነ አውቀው ጮኹ። የሐረሯም ልጅ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ትስቃለች።

ጉማሬው ከዳር ሊደርስ ሲል መብራት መጣ።

ቴፑ ከመሬት ላይ፣ ካቆመበት፣ ጅቡን እንደገና ታንኳው ላይ አስቀመጠው። ልጆቹ ክፉ አይደሉም፤ ልጅ ናቸው። ቀይ መብራቱ በራ፣ ካሴቱ ዞረ፤ አንገታቸው በአንድ ላይ ወደዚያ ዞረ። እኔ አፌን ከፍቼ ነበር። ያቺኛይቱ ሴትዮ ግን አታቋርጥም፣ አትጠብቅም፣ ማንንም አታይም፤ እኔ ደግሞ ካልታየሁ ማውራት አልችልም። ያቺ ልጅ ትንሽ ቆየች። ከዚያ ጣቷ ፈታ አለና ካሴቱ ሲዞር ለማየት ተጠግታ ተንበረከከች።

የሐረሯ ልጅ ልታጠፋው እጇን ዘረጋች። «ተይው» አልኋት። ወጣሁ።

መንገዱን ተሻግሬ ደጃፌ ላይ ተቀመጥሁ። መስኮቱ ክፍት ነው፤ ድምፄ መንገዱን እየተሻገረ ይመጣል። ልጆቹ እየሳቁላት ነው። ጎረቤቴ ሱቋ በር ላይ ቆማ ጨው በጣሳ ትሰፍራለች፤ ደንበኛዋን ሸኝታ ወደኔ ዞረች።

«አንቺ፣ እዚያ እያወራሽ እዚህ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ዕረፊ ተብዬ ዐርፌ ነው።»

«መቼም ዕረፍት አይመስልም፣ ፊትሽ።»

«እስቲ አንቺ ፍረጂ» አልኋት፤ «ስንት ዓመት አጥር ለአጥር ኖረናል፣ ሁለታችንንም ሰምተሻል። እኔና ያ ሳጥን ማን ይሻላል?»

አንቺ ትለኛለች ብዬ ነው የጠየቅኋት፣ መቼም። ጣሳውን አስቀምጣ ጆሮዋን ወደ መስኮቱ ጣል አድርጋ ሰማች። ደህና አድርጋ፣ እንደ ዳኛ።

«ወላሂ አልዋሽሽም» አለች፤ «ሳጥኑ ይሻላል። እሱ ሲበቃው ይዘጋል።»