የአክስቴ አሪቲ

ባለፈው ወር ጡረታ ልወጣ የላብራቶሪ ቁም ሳጥኔን ሳጸዳ ጥግ ላይ አንዲት ቋጠሮ አገኘሁ። ሳልፈታት በመዓዛዋ አወቅኋት፤ አሪቲ ነው።

ቋጠሮዋ እጄ በገባችበት ጊዜ አዲስ አበባ ሁለተኛ ዲግሪዬን እየተማርኩ ነበር። የላብራቶሪያችን ሥራ ኬሞ የተባለውን የካንሰር መድኃኒት ለምዶ አልሞትም ያለውን የካንሰር ሕዋስ እንደገና የሚያሸንፍ ውህድ ከዕፅዋት መፈለግ ነው። ለእኔ ግን የትምህርት ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ሶዶ ላይ ያሳደገችኝ አክስቴ አስቴር የጡት ካንሰር ይዟት፣ መጀመሪያ ያሻላት መድኃኒት ኋላ እምቢ ብሏት ነበር።

እሷ ታዲያ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? እሑድ ቤተ ክርስቲያን ጸሎት ላይ ተነስታ "ልጄ መድኃኒት እየፈለገ ነው፤ ጸልዩለት" አለች። የእኛ ሰው ደግሞ ባዶ እጁን አይጸልይም! በክረምት፣ ከቦዲቲ እስከ ሶዶ ባለው ጭቃ ተንገላትቼ ስደርስ በረንዳዋ በፌስታል ተሞልቷል፦ ከገሱባ የመጣ ሥር፣ ከበዴሳ የመጣ ቅጠል፣ ከየትም የተሰበሰበ ልጣጭ። በየፌስታሉ የሰጪውን ስም ጻፍኩ።

ስሰናበታት ቦይና የምንለውን ትኩስ የጎደሬ ቅቅል በዳጣ በርበሬ አቀረበችልኝ፤ እሷ አልቀመሰችም። ከጓሮዋ የቀጠፈችውን አሪቲ በነጠላዋ ቁራጭ ቋጥራ "ይኼ የእኔ ነው" አለችኝ። በየደጁ የሚበቅል ነገር! በልቤ ናቅሁት።

አዲስ አበባ ተመልሼ ሥራዬ ከሕዋስ ጋር ተፋጥጦ መዋል ሆነ። የሚያናግረኝ ሰው አልነበረም፤ ብቸኝነቱ አንገበገበኝ። የሰዎቹን ሥርና ቅጠል አንድ በአንድ ፈተንኩ፤ አንዱም አልሠራም። አንድ ቀን አክስቴ ከጎረቤት ሱቅ ደወለች።

"የእኔንስ አየኸው?"

"አዎ አክስቴ፣ እየፈተንኩት ነው።"

"እሺ ልጄ። ውጤቱን ግን ለእኔ ነው ቀድመህ የምትነግረኝ።"

ዋሸኋት። ቋጠሮውን ፈትቼው እንኳ አላውቅም። በሳምንቱ አረፈች። ከቀብር ስንመለስ አንዲት የቤተ ክርስቲያኗ ሴት የያዘችውን ሥር እጄ ላይ አስቀመጠችና "ለሌላ ሰው ይሆናል፤ አትተው" አለችኝ። አልተውኩም፤ ዕድሜዬን በዚሁ ጨረስኩ።

ባለፈው ሳምንት አንዲት የቀድሞ ተማሪዬን ለምኜ አሪቲውን ፈተንነው። ይህን ሁሉ ዓመት ተቀምጦ ምን ኃይል ይቀረዋል? ልጅቱም እያዘነች "አልሠራም ጋሼ" አለችኝ።

ቢሠራም ባይሠራም ውጤቱን ቀድሜ እንድነግራት የአክስቴ አደራ ነበረብኝ። ስልኬን ከኪሴ አወጣሁ፤ ማን ጋ ልደውል?